የጠመንጃ ክብርና የጆሮ ዕዳ፦ በወግዲና በአካባቢዋ የአደንና የመስማት ታሪክ

(በመካነ ሰላም ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለአካባቢው ነዋሪዎች የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)



ንግግሬን የምጀምረው ከአያቴ መቀመጫ ነው። ወግዲ ውስጥ ባደግሁበት ቤት አያቴ ዘወትር የሚቀመጡት መደቡ ጥግ ላይ፣ ግራ ጎናቸውን ለግድግዳው ሰጥተው ነበር። እንግዳ ሲገባ በቀኛቸው በኩል ቦታ ይለቁለታል። በግራቸው የተቀመጠ ሰው ቢያናግራቸው መልስ አይሰጡም። እኛ ልጆቹ ይህን የኩራት ምልክት አድርገን እንቆጥረው ነበር፤ እሳቸው አዳኝና አርበኛ ስለነበሩ ኩራቱም የሚገባቸው መስሎን ነበር። እውነቱን የተረዳሁት ካረፉ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ስለ ተኩስና ስለ መስማት የተጻፈ የሕክምና ጽሑፍ ሳነብ ነው። አያቴ በግራ ጆሯቸው አይሰሙም ነበር።

ሰደፉን ቀኝ ትከሻው ላይ አድርጎ የሚተኩስ ሰው ጉንጩን ወደ ሰደፉ ሲያስጠጋ ግራ ጆሮው ወደ አፈሙዙ ይዞራል። ቀኝ ጆሮው ግን በራሱ ጭንቅላት ይጋረዳል። ስለዚህ በብዙ ተኳሾች ዘንድ ቀድሞና አብዝቶ የሚጎዳው የግራው ጆሮ ነው፤ በግራ ትከሻው የሚተኩስ ሰው ተቃራኒው ይደርስበታል። የአያቴ አቀማመጥ፣ ሳላውቀው ለዓመታት ሳየው የኖርሁት የታሪክ ሰነድ ነበር ማለት ነው።

ዛሬ የማቀርብላችሁ ሐሳብ አንድ ነው። የታሪክ ጸሐፊዎቻችን ጠመንጃውን በሚገባ መዝግበዋል፤ ስሙን፣ የመጣበትን በር፣ ብዛቱን፣ የዋለበትን አውደ ውጊያ ጽፈዋል። የተኳሹን ጆሮ ግን አልመዘገቡም። ይህ ክፍተት በታሪክ ዕውቀታችን ላይ ብቻ የቀረ አይደለም። ዛሬም መሣሪያ ለሚይዘው ሰው የጆሮ መከላከያ የሚባል ነገር እንዳይታሰብ አድርጓል።

የመሣሪያውን ታሪክ ባጭሩ ላስታውስ። ጠመንጃ በአገራችን ጦርነት ላይ ጉልህ ሚና የያዘው በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በኢማም አሕመድ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1541 የክሪስቶፎሮ ዳ ጋማ 400 ፖርቱጋላውያን ሲመጡም በሁለቱም ወገን ነፍጥ ይተኮስ ነበር። ነገር ግን ነፍጥ የተራው ባላገር ንብረት ለመሆን ከ300 ዓመታት በላይ ፈጅቶበታል።

ለእኛ አካባቢ ትልቁ ምልክት ከዚህ በስተሰሜን ምሥራቅ የምትገኘው መቅደላ ናት። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያስወሩት፣ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል መድፍ በሰው ጉልበት ተጎትቶ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ደረሰ። ዛሬም እዚያው አምባ ላይ አለ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ 3 ቀን በአሮጌ ሜዳ የእንግሊዝ ጦር ከኋላ በሚጎርስ ስናይደር ጠመንጃ ሲተኩስ፣ የአካባቢው ሰው ፈጣን ተኩስ ምን እንደሆነ በጆሮው ሰማ። ከዚያ በኋላ መሣሪያው በየአቅጣጫው እየገባ አማርኛ ስሙን አገኘ። ስናይደር ሰናድር፣ የፈረንሳዩ ፊዚ ግራ ውጅግራ፣ የኦስትሪያው ማንሊኸር ምንሽር፣ ሚትራየዝ መትረየስ ተባለ። ቋንቋችን እያንዳንዱን የጠመንጃ ዓይነት ለይቶ ስም ሰጥቶታል። ጠመንጃው በጆሮ ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ግን የተለየ ስም አላወጣም።

አንድ የማይጠበቅ ነገር እዚህ ላይ ላንሳ። በዚያ ዘመን የአዳኙን ጆሮ የጠበቀው የጥይት እጥረት ነበር። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ጥይት በአንዳንድ ገበያዎች እንደ አሞሌ ጨው መገበያያ እስከመሆን ደርሶ ነበር። እንዲህ ያለውን ውድ ነገር ማንም እንዲሁ አያባክነውም። ከወግዲ ደጋ ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ ድኩላ ወይም ሰስ የሚያድን ሰው ቀኑን ሙሉ አድብቶ አንዴ ቢተኩስ ነው። ዒላማን በጥይት መለማመድ ለጥቂቶች ብቻ የተፈቀደ ቅንጦት ነበር። ድህነቱ ሳይታወቅ መከላከያ ሆኖ አገልግሏል።

ያ መከላከያ በሦስት ለውጦች ተነሣ። የመጀመሪያው የጥይት መብዛት ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጣልያን ወረራ፣ ኋላም በ1983 ዓ.ም. የደርግ ሠራዊት ሲበተን፣ መሣሪያና ጥይት በገጠሩ ተሰራጨ። ሁለተኛው የባሩዱ ለውጥ ነው። ውጅግራ የተሠራው ለጥቁር ባሩድ ነበር፤ ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1886 ጭስ አልባውን ባሩድ በሠራዊት ጠመንጃ ላይ ካዋሉ ወዲህ የጥይቱ ፍጥነትና በአፈሙዙ የሚወጣው ጋዝ ግፊት እጅግ ጨመረ። ሦስተኛውን ብዙ ሰው አያስተውለውም፤ እርሱም የአፈሙዙ መቅረብ ነው። የውጅግራ በርሜል 82 ሳንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ የክላሽንኮቭ በርሜል ግን 41 ሳንቲ ሜትር ተኩል ብቻ ነው። የአያቶቻችን ጠመንጃ አፈሙዝ ከጆሯቸው ራቅ ይል ነበር። የልጅ ልጆቻቸው አፈሙዝ ወደ ጆሮ ቀርቧል።

ጉዳቱ እንዴት እንደሚደርስ ላስረዳ። ድምፅ የሚለካበት ዴሲቤል በመደበኛ ቁጥር የሚያድግ መለኪያ አይደለም፤ በየ10 ዴሲቤሉ የድምፁ ኃይል በ10 እጥፍ ይጨምራል። በቅጽበት የሚፈነዳ ድምፅ ከ140 ዴሲቤል ሲያልፍ ለጆሮ አደገኛ እንደሆነ በዓለም አቀፍ የሥራ ጤና ደንቦች ተቀባይነት አግኝቷል። የአደንና የጦር ጠመንጃ ብዙውን ጊዜ ከ150 እስከ 170 ዴሲቤል ያሰማል። በውስጠኛው ጆሮ፣ ቀንድ አውጣ በሚመስለው ክፍል ውስጥ፣ ድምፅን ወደ ነርቭ መልእክት የሚለውጡ እንደ ጸጉር የረቀቁ ሕዋሳት አሉ። እነዚህ በሰው ልጅ ላይ አንዴ ከሞቱ ዳግመኛ አይበቅሉም። ለጥፋቱ አንድ ተኩስ ሊበቃ ይችላል።

መጀመሪያ የሚጠፋው ከ3000 እስከ 6000 ኸርዝ ያለው ቀጭን ድምፅ ነው። ሰውየው የነጎድጓድ ድምፅ ይሰማል፤ የከበሮና የበሬ ድምፅም አያመልጠውም። የሴትና የሕፃን ድምፅ ግን ይርቅበታል፤ «ስ»፣ «ሽ»፣ «ፍ» ከሌላው ድምፅ ጋር ይምታቱበታል። አያቴ «ትናገራላችሁ፤ ቃሉ ግን አይለይልኝም» ይሉን ነበር። እኛም ጮኸን እንመልስላቸዋለን፤ ጩኸቱ ያስቆጣቸዋል እንጂ ቃሉን አያጠራላቸውም። ሌሊት ሌሊት ደግሞ ጆሯቸው ውስጥ ፌንጣ የሚጮህ ይመስላቸው ነበር። ይህ የጆሮ ጭውታ የሚባለው ነው።

ታዲያ ሰዎች ይህን አያውቁም ነበርን? በዓለም ደረጃ ዕውቀቱ አዲስ አይደለም። ጣልያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ እ.ኤ.አ. በ1713 መዳብ ቀጥቃጮች እንደሚደነቁሩ ጽፏል። ቶማስ ባር እ.ኤ.አ. በ1886 በግላስጎው የእንፋሎት ጋን ሠሪዎችን መርምሮ ተመሳሳዩን አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1908 በጀርመን ማክስ ኔግቨር ከሰምና ከጥጥ የተሠራ የጆሮ መሰኪያ መሸጥ ጀመረ፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነትም ወታደሮች ተጠቀሙበት። የመትረየሱ ፈልሳፊ ሂራም ማክሲም ራሱ በስተርጅና መስማት ተስኖት ነበር፤ ልጁ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1909 የጠመንጃ ድምፅ መቀነሻ የባለቤትነት መብት አስመዘገበ። መሣሪያውን የሸጡልን አገሮች ሰሙንም ጥጡንም ያውቁ ነበር። ወደ እኛ የመጡት ግን ጠመንጃውና ጥይቱ ብቻ ናቸው።

ጥፋቱን ሁሉ በሻጩ ላይ መጣል ግን የታሪክ ባለሙያ ሥራ አይደለም። በእኛም ዘንድ ሁለት መሰናክሎች ነበሩ። አንደኛው ክብር ነው። ግዳይ የጣለ ሰው ይፎክራል፣ ይዘፈንለታል፣ በሠርግና በግብር ላይ ስፍራው ይለያል። በዚህ ሥርዓት ውስጥ የተኩስ ድምፅ የደስታ ብሥራት ነው፤ በድምፁ የተረበሸ ፈሪ ይባላል። ሁለተኛው ቃሉ ራሱ ነው። «ደንቆሮ» ማለት መስማት የተሳነው ማለት ነው፤ አላዋቂ ማለትም ነው። አንድ የተከበረ አዛውንት «ጆሮዬ ከድቶኛል» ለማለት «አላዋቂ ሆኛለሁ» ከማለት ጋር የተጠጋ ነገር መናገር ነበረበት። ስለዚህ ግድግዳውን ተጠግቶ መቀመጥን መረጠ።

የዚህ ዋጋ ምን እንደነበር በቤታችን አይቻለሁ። አያቴ በጎልማሳነታቸው የሽምግልና ሰው ነበሩ። የድንበር ክርክር፣ የደም ዕርቅ፣ የባልና የሚስት ጠብ ሲኖር ይጠሩ ነበር። ሽምግልና በመስማት የሚከናወን ሥራ ነው፤ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ የከሳሽን ድምፅ መንቀጥቀጥ ሳይቀር መለየት ይጠይቃል። አንድ ቀን የተከሳሹን መልስ ለከሳሹ ሰጥተው ፍርድ ተናገሩ። ሰው አፍሮ ዝም አለ። ከዚያ ወዲህ የጠራቸው የለም። ጠመንጃው ያስገኘላቸው ክብር ሥራ ላይ የሚውለው በሸንጎ ነበር፤ ከሸንጎው ያስወጣቸውም ያው ጠመንጃ ነው። እኔ የጠመንጃ ታሪክ ስጽፍ ይህን ሒሳብ ሳላስገባ መጻፍ አልችልም።

ዛሬ ሁኔታው ተለውጧል። በዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541/1999 መሠረት ያለ ፈቃድ ማደን ክልክል ነው፤ መሣሪያ መያዝም በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ይመራል። ቀድሞ ደንቆሮ ጫካ ይባል የነበረው የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ጭላዳንና ቀይ ቀበሮን የምንጠብቅበት ስፍራ ሆኗል። ተኩስ ግን አልቀረም። የፓርክ ጠባቂ፣ ሚሊሻ፣ እህሉን ከአውሬ የሚከላከል ገበሬ፣ በሌላ አካባቢ በፈቃድ የሚያድን ሰው አሁንም ይተኩሳል። በሠርግና በቀብር ወደ ሰማይ ሲተኮስ ደግሞ ተኳሹ አጠገብ ሕፃናት ይቆማሉ።

ስለዚህ «ምን ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ከአንድ አዳኝ የሰማሁት ተቃውሞ ደግሞ ሚዛን የሚደፋ ነው። «ጆሮዬን ከደፈንሁ የቅጠሉን ኮሽታ፣ የጓደኛዬን ፉጨት በምን እሰማለሁ?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ አደን ከዓይን ይልቅ በጆሮ የሚሠራበት ጊዜ አለ። ምርጫው መመዘን ያለበት በዚህ ጥያቄ ነው።

እንደ ስፖንጅ የሚለመጠው መሰኪያ ርካሽ ነው፤ በትክክል ከገባም በብዙ ይከላከላል። በጣት አቅጥኖ መጠቅለል፣ በሌላው እጅ ጆሮን ወደ ላይና ወደ ኋላ ስቦ ማስገባት፣ እስኪያብጥም መያዝ ያስፈልጋል። አጉል የገባ መሰኪያ እንደሌለ ይቆጠራል። ጉድለቱ ንግግርንም መዝጋቱ ነው፤ ስለዚህ ለዒላማ ልምምድ ይስማማል። ቀጭን ቀዳዳ ያለው መሰኪያ ዝቅተኛውን ድምፅ አሳልፎ የፍንዳታውን ግፊት ይቀንሳል፤ አድብቶ ለሚጠብቅ ሰው ይመቻል። በባትሪ የሚሠራው የጆሮ መሸፈኛ ኮሽታውን አጉልቶ ያሰማል፣ ተኩሱን ግን ያግዳል። ዋጋው ውድ ነው፤ ለጥበቃ ሠራተኞች ግን አሠሪው መሥሪያ ቤት ቢገዛው ያዋጣል። በተደጋጋሚ የሚተኩስ ሰው መሰኪያውንም መሸፈኛውንም ደርቦ ያድርግ። ጥጥ መወተፍ ወይም ነጠላ መጠቅለል ግን መከላከያ አይባልም። ማሸጊያው ላይ የተጻፈው ቁጥር የተለካው በቤተ ሙከራ ነው፤ በሜዳ ላይ የሚገኘው ጥበቃ ከዚያ በእጅጉ ሊያንስ ይችላል። ምንም የሌለው ሰው ቢያንስ ከሌላ ተኳሽ አፈሙዝ ጎን አይቁም፤ ልጆችንም ያርቅ።

ለተማሪዎቼ አንድ ሥራ ሰጥቼ ልፈጽም። በዚህ ክረምት ወደየቤታችሁ ስትመለሱ መሣሪያ ይዘው የኖሩ አዛውንቶችን ቃል ትሰበስባላችሁ። የጠመንጃውን ስም፣ የተገዛበትን ዋጋ፣ የተጣለውን ግዳይ ጠይቁ። ከዚያ በየትኛው ትከሻ ይተኩሱ እንደነበር፣ በየትኛው ጆሮ እንደሚሰሙ ጠይቁ። ስትጠይቁ «ደንቆሮ» የሚለውን ቃል አትጠቀሙ። ከመጠየቃችሁ በፊት ደግሞ የት እንደተቀመጡ ተመልከቱ፤ ከዚያም በሚሰሙበት በኩል ተቀመጡ።