«አንተ ንገራት»

ባለፈው ክረምት እናቴ ከደሴ ደወለችልኝ። ለትምህርት ብላ አዲስ አበባ እኔ ጋር የምትኖረው ታናሽ እህቴ 14 ዓመት ሞልቷታል። እናቴ ሰላምታውን ከወትሮው አሳጠረችና «እንግዲህ ልጅቷ አድጋለች፤ አንተ ንገራት» አለችኝ።

«ምኑን?»

ዝም። ከዚያ «እንዴ፣ ያንን ነዋ!» ብላ ስለ በርበሬ ዋጋ ማውራት ጀመረች።

ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ነው። አንድ ሲስተም ሲያስቸግረን መጀመሪያ የምናደርገው ማን መቼ ምን እንደነካው ወደ ኋላ ሄዶ ማየት ነው። «ያንን ነዋ» የተባለውንም ወደ ኋላ ሄጄ ፈለግኩት። በእኛ ቤት ወላጅ እጅ ላይ የነበረበትን ጊዜ ግን ማግኘት አቃተኝ።

አያቴ የተዳሩት የፍትሐ ብሔር ሕጉ በ1952 ዓ.ም. ከመውጣቱ በፊት ነው። ቢወጣም ብዙ አይጠቅማቸውም ነበር፤ ሕጉ ያስቀመጠው ለወንድ 18፣ ለሴት 15 ዓመት ነው። (ለሁለቱም 18 የሆነው የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ1992 ሲወጣ ነው። እኔ የሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ።) ቤተሰቡ ስለ ጋብቻቸው አልተነጋገረም ማለት ግን አይቻልም። ሽማግሌ ተልኳል፣ ዘመድ እንዳይሆኑ ሰባት ቤት ተቆጥሯል፣ ከብቱ ተተምኗል። ለአያቴ ምን እንደሚጠብቃቸው የነገራቸው ሰው ግን አልነበረም። በሠርጉ ማግስት ደም የነካው ጨርቅ በሚዜዎች ጭፈራ ታጅቦ ወላጆቻቸው ቤት ደረሰ። አስቡት እስቲ፤ ለልጅቷ በሹክሹክታ እንኳን ያልተነገረው ነገር ለአገር በዘፈን ተነገረ። «ባህላችን ስለዚህ ነገር አያወራም» ስንባል እኔ አልስማማም። ያወራል እንጂ! ስለ ልጅቷ በደንብ ያወራል፤ የማትሰማው እሷ ብቻ ናት።

የእናቴን ዘመን በአጭሩ ልለፈው። የወር አበባዋ የመጣ ቀን ያስረዳቻት የጎረቤት ልጅ ናት። ይሄንንም የነገረችኝ አክስቴ ናት።

ከዚያ ኤድስ መጣ። ቫይረሱ አገር ውስጥ መኖሩ የታወቀው በ1976፣ የመጀመሪያዎቹ ታማሚዎች የታዩት በ1978 ነው። ሰው መጀመሪያ «አመንምን» ይለው ነበር። ብሔራዊ ፖሊሲ የወጣለት በ1990 ነው። ከዚያ በኋላ ግን ምን አለፋችሁ፣ ለዘመናት በሹክሹክታ የነበረው ወሬ በድምፅ ማጉያ ሆነ። «የቀን ቅኝት» የተባለው የሬዲዮ ድራማ በ1994 ጀምሮ እስከ 1997 ድረስ 257 ክፍል ተላለፈ። ጎረቤት ሁሉ እኛ ቤት ተሰብስቦ ይሰማ ነበር። እናቴ «ያ» ነገር ሊመጣ ሲል ታውቃለች መሰለኝ፣ «ሂድ ክብሪት ግዛ» ትለኛለች። በዚያ ድራማ ዘመን ቤታችን ክብሪት አልቆ አያውቅም።

ትምህርት ቤትም ፀረ ኤድስ ክበብ ነበረን። በሚኒ ሚዲያ በየእረፍቱ መታቀብ፣ መወሰን፣ መጠቀም ይባላል። እኛ ሦስተኛዋ ላይ ስንደርስ እንስቃለን፤ ምኑን እንደሚጠቀሙት የገባን ግን ጥቂቶች ነን። እኔ በዚህ ነገር እንዴት እንደሚሞት ያወቅኩት ነገሩ ራሱ ምን እንደሆነ ሳላውቅ ነው። ሰው ሲወዱ ምን እንደሚባል፣ ካልፈለጉ እንዴት እምቢ እንደሚባል፣ እምቢ ስትባል ደግሞ እንዴት ዞር እንደሚባል በክበቡ ድራማ ውስጥ አልነበረም። ክበቡን አልወቅስም፤ ሰው እየሞተ ነበር።

አጎቴም በ1995 ሞተ። የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። «ሳምባ ነው» ተባለ፤ እኛም ሳምባ ነው አልን። ሬዲዮው እዚያው ሳሎን፣ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነበር። እናቴ ለድራማዋ ፍቅርተ ጎረቤት ፊት ታለቅስ ነበር። የገዛ ወንድሟን በሽታ ስም ግን አንድም ቀን ከአፏ ሰምቼ አላውቅም። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ መታደል የጀመረው በጥር 1997 ነው። አጎቴ ሁለት ዓመት ቀደመው።

መድኃኒቱ ሲመጣ ቀብሩ እየቀነሰ ሄደ፤ ተመስገን ነው። ፖስተሩም ደበዘዘ፣ እኛ የተማርንበት ክበብም ጠፋ። ወሬው ቤታችን የገባው በሽታውን ተከትሎ ስለነበር አብሮት ወጣ። እህቴ ስትወለድ ሬዲዮውም ክበቡም የለም። ለእሷ የደረሳት ስልክ ነው።

የሆነው ሆኖ አንድ ቅዳሜ አስቀመጥኳት። ለሥራ ስብሰባ እንኳን እንደዚያ ተዘጋጅቼ አላውቅም። ገና ስጀምር ሳቀችብኝ፤ «ወንድሜ፣ እሱን እኮ አውቀዋለሁ» አለች። እውነቷን ነው፤ ከእኔ የማትሰማውን ሁሉ ከስልኩ ሰምታለች፤ ገሚሱ ውሸት ቢሆንም። እሱን ስናስተካክል አመሸን። ሲያልቅ ያልጠበቅኩትን ጠየቀችኝ። ደሴ ሳሎን ፎቶው የተሰቀለው አጎታችን በምን ነው የሞተው?

ነገርኳት።

እናቴ በሳምንቱ ደወለች። «ነገርካት?»

«አዎ። የአጎቴንም ነገርኳት።»

ረጅም ዝምታ። የተቋረጠ መስሎኝ ስክሪኑን ሁሉ አየሁ። ከዚያ ቀስ ብላ «ምን አለች?» አለችኝ።

«እማዬ፣ ራስሽ ጠይቂያት» አልኩና ስልኩን ለእህቴ ሰጠኋት። ይዛው ጓዳ ገባችና በሩን ዘጋች። 40 ደቂቃ አወሩ። ምን እንደተባባሉ አልጠየቅኩም።