ሁለት መልክ ያለው ድንጋይ፤ የደላንታ ኦፓልና የሰብሳቢዎች እምነት

በአሮን የደረት ኪስ ላይ ከተሰኩት ዐሥራ ሁለት ዕንቍዎች አንዱ አሜቴስጢኖስ መሆኑን የመጻሕፍት ተማሪ ሁሉ ያውቃል። ይህ ሐምራዊ ድንጋይ የኳርትዝ ወገን ነው። በቦሊቪያ አገር አናሂ ከሚባለው ጕድጓድ ደግሞ እኩሌታው ሐምራዊ፥ እኩሌታው ቢጫ የሆነ ኳርትዝ ይወጣል፤ ነጋዴዎችም የአሜቴስጢኖስንና የሲትሪንን ስም አጋጥመው አሜትሪን ብለውታል። ሁለቱንም ቀለም የሰጠው በውስጡ ያለው ጥቂት ብረት ነው። የማዕድን ሰብሳቢዎች ይህን ድንጋይ የሚሹት ስለ ውበቱ ብቻ አይደለም፤ በምድር ውስጥ ያለፈበትን ታሪክ በአንድ አካል ላይ ስለሚያሳይና የተገኘበትም ስፍራ ተለይቶ ስለሚታወቅ ነው።

በአገራችንም ሁለት መልክ ያለው ድንጋይ አለ፤ ይኸውም የደላንታ ኦፓል ነው። ኦፓል እንደ ኳርትዝ ከሲሊካ የተሠራ ሲሆን፥ ውሃ ያለበትና እንደ ኳርትዝ የጠራ ቅርጽ የሌለው ነው። ቀስተ ደመና የመሰለው ብልጭታው የሚመጣው እጅግ ጥቃቅን የሆኑ የሲሊካ እንክብሎች በሥርዓት ተደርድረው ብርሃንን ስለሚከፋፍሉት ነው።

የኢትዮጵያ ኦፓል በዓለም ገበያ መጀመሪያ የታወቀው በ1980ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ፥ በሰሜን ሸዋ ከመዘዞ አካባቢ በወጣው ቡናማ ድንጋይ ነው። መልኩ ቢደነቅም ብዙው ከወጣ በኋላ እየተሰነጠቀ ገዢዎችን አሳዘነ፤ በዚህም ምክንያት የኢትዮጵያ ኦፓል ስም ለብዙ ጊዜ ተጠርጥሮ ኖረ።

በ2000 ዓ.ም. ግን በወሎ፥ በደላንታ፥ በወገል ጤና አጠገብ ሌላ ኦፓል ተገኘ። በጎጃም ከደብረ ማርቆስና ከአምበር ዙሪያ ጀምሮ እስከ ወሎ ድረስ ያለው ደጋ በብዙው ከእሳተ ገሞራ በፈሰሰ ጥቁር ድንጋይ የተሠራ ነው። የደላንታው ኦፓል የሚገኘው ግን በዚህ ድንጋይ ውስጥ ሳይሆን፥ ከእሳተ ገሞራ አመድ በተሠራ ስስ ንጣፍ ውስጥ ነው። ንጣፉም በገደል አፋፍ ላይ ስለ ተጋለጠ፥ የአገሩ ሰዎች ገደሉን በእጅ መሣሪያ እየፈለፈሉ፥ ሕይወታቸውንም ለአደጋ እየሰጡ ያወጡታል።

ይህ ድንጋይ በብዙው ነጭ ወይም ጥርት ያለ ነው፤ እንደ መዘዞውም በቀላሉ አይሰነጠቅም። ውሃ ውስጥ ቢነከር ግን ውሃውን ይጠጣል፤ ክብደቱ ይጨምራል፥ ገላው እንደ መስተዋት ይጠራል፥ ብልጭታውም ይደክማል። በደረቀ ጊዜ የቀድሞ መልኩ ይመለሳል። እንግዲህ አሜትሪን ሁለቱን መልክ በአንድ ጊዜ ሲያሳይ፥ የደላንታው ድንጋይ በየተራ ያሳያል።

ሆኖም ውሃን የሚጠጣ ድንጋይ ቀለምንም ይጠጣል። አንዳንዶች ሐምራዊ ቀለም አጠጥተው፥ ሌሎችም በጢስ አጥቍረው እንደ ተፈጥሮው አድርገው ሸጠውታል። ስለዚህ በመዘዞ ስንጥቅ የጠፋውና በደላንታ የተመለሰው እምነት በሰው እጅ ዳግመኛ ተፈተነ።

ድንጋዩ በውጭ አገር ገበያ በወሎ ስም ይሸጣል፤ የገደሉ ቆፋሪ ስም ግን ከድንጋዩ ጋር አይሄድም። የአንድ ድንጋይ ዋጋ በተገኘበት ስፍራ ምስክርነት የሚጸና ከሆነ፥ ምስክሩ ቆፋሪው ነው። ድንጋዩን የማዕድን ሊቃውንት መርምረውታል፤ የቆፋሪዎቹን የሥራ ቃል፥ የንጣፉን ምልክት የሚለዩበትን ዕውቀትና የትርፍ አከፋፈላቸውን ሥርዓት መመዝገብ ግን የእኛ፥ የባሕል ተመራማሪዎች፥ ድርሻ ነው።