ድረ ገጾችን በተሟላ ሁኔታ ለማንበብ የሚረዱ የስክሪንና የብሮውዘር ማስተካከያዎች

መመሪያዎች፣ የጨረታ ማስታወቂያዎችና ልዩ ልዩ ቅጾች በድረ ገጽ አማካይነት መሰራጨታቸው በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የተለመደ አሠራር ሆኗል። ይሁን እንጂ ገጹ በትክክል ተዘጋጅቶ ሳለ የአንባቢው ኮምፒውተር ባለመስተካከሉ ብቻ ጽሑፉ ሊደበዝዝ፣ ፊደሉ ባዶ ሳጥን ሊሆን ወይም የሠንጠረዡ የቀኝ ጠርዝ ከእይታ ውጭ ሊቀር ይችላል። ከእይታ የቀረው ዓምድ የጨረታ መዝጊያ ቀን የተጻፈበት ከሆነ ችግሩ ዓይንን ከማድከም አልፎ ሥራን ይጎዳል።

የስክሪን ሪዞሉሽን

ሪዞሉሽን በስክሪኑ ላይ ምስል የሚፈጥሩት ነጥቦች ወደ ጎንና ወደ ታች ያላቸው ብዛት ነው። 800 በ600 የሆነ ስክሪን 480,000 ነጥቦች ሲኖሩት፣ 1024 በ768 የሆነው 786,432፣ 1920 በ1080 የሆነው ደግሞ 2,073,600 ነጥቦች አሉት። ጠፍጣፋ ስክሪኖች የነጥባቸው ብዛት በፋብሪካ የተወሰነ በመሆኑ ጥርት ያለ ጽሑፍ የሚያሳዩት በዚያው ልክ ሲሠሩ ነው። ከዚያ ዝቅ ሲደረጉ ፊደሉ ቢተልቅም ይደበዝዛል።

የግዕዝ ፊደል የሚለየው በትናንሽ ቅጥያዎች በመሆኑ ብዥታው ለንባብ ስሕተት ያጋልጣል። ለምሳሌ «ገቢ» እና «ገቡ» የሚለዩት ቅጥያው ከእግር ሥር ወይም ከጎን በመሆኑ ብቻ ነው።

በዊንዶውስ 10 እና 11 ሪዞሉሽንን ለማስተካከል በዴስክቶፑ ባዶ ቦታ ላይ የማውሱን የቀኝ ቁልፍ ተጭኖ «ዲስፕሌይ ሴቲንግስ» የሚለውን መክፈት፣ ቀጥሎም «ዲስፕሌይ ሪዞሉሽን» ከሚለው ዝርዝር ውስጥ «ሬኮመንድድ» የሚል ምልክት ያለበትን መምረጥ ያስፈልጋል። ለውጡ በ15 ሰከንድ ውስጥ ካልጸደቀ ኮምፒውተሩ ወደ ቀድሞው ሁኔታ ስለሚመለስ ተጠቃሚው የሚሰጋበት ምክንያት የለም። ፊደሉ የሚያንስበት ሰው ሪዞሉሽኑን ዝቅ ከማድረግ ይልቅ በዚያው ገጽ ላይ ያለውን «ስኬል» ወደ 125 ወይም 150 በመቶ ቢያሳድግ ይመረጣል።

የብሮውዘር ማስተካከያ

የአንድን ገጽ ጽሑፍ ብቻ ለማጉላት የ«ኮንትሮል» ቁልፍን ይዞ የመደመር ምልክትን፣ ለማሳነስ የመቀነስ ምልክትን፣ ወደ መደበኛው ለመመለስ ደግሞ ዜሮን መጫን በቂ ነው። በ2000ዎቹ ለ800 ወይም ለ1024 ነጥብ ስፋት ተወስነው የተሠሩ የቆዩ ገጾች በዛሬ ሰፋፊ ስክሪኖች ላይ ጠበው ስለሚታዩ በዚህ መንገድ ማስፋት ይቻላል። ብሮውዘሮች ለአንድ ድረ ገጽ የተመረጠውን መጠን የሚያስታውሱ በመሆናቸው በጋራ በሚሠራበት ኮምፒውተር ላይ ቀዳሚው ተጠቃሚ ያጎላው ገጽ ለተከታዩ ተቆርጦ ሊታየው ይችላል። ስለሆነም ሠንጠረዥ ሲነበብ ከገጹ ግርጌ አግድም ማንሸራተቻ አለመኖሩን ማረጋገጥ ይገባል።

ብሮውዘሩም ወቅታዊ መሆን ይኖርበታል። ለኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 11 በአብዛኞቹ የዊንዶውስ 10 ኮምፒውተሮች ላይ ይሰጥ የነበረው ድጋፍ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022 ተቋርጧል። በእርሱ ብቻ እንዲሠሩ የተዘጋጁ ገጾች በማይክሮሶፍት ኤጅ ውስጥ በሚገኘው የኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ሞድ ሊከፈቱ ይችላሉ።

የአማርኛ ፊደል አለመታየት

የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። በፊደሎች ምትክ ባዶ ሳጥኖች ከታዩ ኮምፒውተሩ የግዕዝ ፎንት የለውም ማለት ነው። በዚህ ጊዜ በነጻ የሚሰራጩትን አቢሲኒካ ኤስ አይ ኤል ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ መጫን መፍትሔ ይሆናል። በዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ ኒያላ የተባለውን ፎንት «ኦፕሽናል ፊቸርስ» ከሚለው ክፍል መጨመር ይቻላል። ከሳጥን ይልቅ የተዘበራረቁ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ከታዩ ግን ጽሑፉ ከዩኒኮድ በፊት በነበረ ፎንት የተጻፈ ሊሆን ስለሚችል፣ ያው ፎንት ካልተገኘ በስተቀር አይነበብም። መፍትሔው አዘጋጁ ክፍል ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ እንዲለውጠው ማሳሰብ ነው።

በመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ላይ ፎንት ለመጫን ወይም ብሮውዘር ለማደስ ፈቃድ የሚያስፈልግ ከሆነ ሥራው የሚከናወነው በተቋሙ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ክፍል አማካይነት ነው። ሪዞሉሽንንና የጽሑፍ መጠንን ማስተካከል ግን አብዛኛውን ጊዜ ማንኛውም ሠራተኛ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ራሱ ሊፈጽመው የሚችል ተግባር ነው።