የሌላ ልጅ ወንበር

የአሰላና የአርሲ ደጋ የትምህርት ታሪክ ሲተረክ ቀድሞ የሚነሣው ሕንጻ ነው፤ ይኼ በእገሌ ዘመን ተሠራ፣ ያኛው በስዊድኖች ርዳታ ቆመ ይባላል። ሰባት ዓመት ያልሞላውን ልጅ ግን የሚያስተምረው ግድግዳው ሳይሆን እጁ የሚደርስበት ዕቃ ነው። በዚህ መለኪያ ከተሄደ የለመድነው ትረካ ይገለበጣል። ኋላ ቀር የተባለው ትምህርት ቤት በልጅ ልክ የተበጀ መሣሪያ ነበረው፤ ዘመናዊው ግን ለሕፃኑ የሰጠው ለሌላ ተሠርቶ የተረፈውን ነው።

ደጋው በ1870ዎቹ መጨረሻ ከምኒልክ ግዛት ጋር ሲቀላቀል የቄስ ትምህርት ቤት ከአብያተ ክርስቲያናቱ ጋር መጣ። ዕቃው የፊደል ገበታና መጠቆሚያ ስንደዶ ብቻ ነው። ልጁ መሬት ላይ ወይም ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ገበታውን ጭኑ ላይ ያደርጋል፤ በስንደዶው ፊደሉን አንድ በአንድ እየነካ ሀ ሁ ይላል፣ ከዚያ አቡጊዳ፣ ከዚያ መልእክተ ዮሐንስ፣ ሲጎብዝ ዳዊት። 33ቱ ፊደል ሰባት ሰባት ሆኖ ሲደረደር 231 ነው፤ ይኼ ሁሉ አንድ ገጽ ላይ ያልቃል። ተስፋ ገብረ ሥላሴ ዘብሔረ ቡልጋ ገበታውን አዲስ አበባ ላይ በማተሚያ ቤታቸው እያባዙ ካሰራጩት ወዲህ ደግሞ የተቀደደውን መተካት ቤተሰብ የሚከብደው ወጪ አልሆነም። የሙስሊሙ ልጅ የሚማርበት የቁርአን ቤት ሉህ ደግሞ ከዚህም ይበልጣል። እንጨት ነው፤ ከጥላሸት በተበጀ ቀለም የዕለቱ ትምህርት ይጻፍበታል፣ ልጁ ሲይዘው ይታጠብና ሌላ ይጻፍበታል። የመማሪያ መጽሐፍ እጥረት የሚባል ነገር ሉህ አያውቅም።

ሽምደዳው፣ አለንጋው፣ ሴት ልጅን ማራቁስ የሚል ይኖራል። ልክ ነው። የሚብሰው ደግሞ፣ አፉን በኦሮምኛ ለፈታ የአርሲ ልጅ ግዕዙም ዐረብኛውም እንግዳ ቋንቋ ነበር፤ ቤቱ የሰማው ሂቦ (እንቆቅልሽ) እና ተረት ከትምህርት ቤቱ ደጅ አይገባም። እዚህ ላይ የምሟገተው ግን ስለ ዕቃው ነው። የሚነቀፈው ምን እንደተማሩና ማን እንደተማረ እንጂ ገበታው ለልጅ ጭን፣ ሉሁ ለልጅ ክንድ መመጠናቸው አይደለም። ዘመናዊው ትምህርት የሚነቀፈውን ሲጥል ዕቃውንም አብሮ ጣለው።

መዋዕለ ሕፃናት የሚለው ሐሳብ በተወለደበት አገር እንኳ የተጀመረው ከዕቃ ነው፤ ጀርመናዊው ፍሬበል እ.ኤ.አ. በ1837 ሲነሣ በእጁ የያዘው ኳስና ትናንሽ የእንጨት ቁርጥራጮች ነበር። ወደ እኛ ሲመጣ የመጣው ለባዕዳን ልጆች ነው። የመጀመሪያው በ1890 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ ለባቡር መስመሩ ፈረንሳዮች ልጆች ተከፈተ ሲባል በየጥናቱ ይደገማል፤ ባቡሩ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ስለሆነ ዓመቱን አላምነውም፣ ለማን እንደተከፈተ ግን አያጠራጥርም።

አሰላ ትልቁን የልማት ዕድሏን ያገኘችው በ1960 ዓ.ም. የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ሁሉም ካዱ የሚለው፣ በስዊድን ርዳታ ሲቋቋም ነው። ስንዴው፣ ማዳበሪያው፣ ብድሩ ተዳረሰ። ከ1950ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ በዚያው በስዊድን ርዳታ በአገሩ ሁሉ የተዘረጋው የትምህርት ቤት ግንባታ ግን ሒሳቡን የሚጀምረው ከአንደኛ ክፍል ነበር። ደርግ ትንንሾቹን አስታወሰ፤ በ1970ዎቹ የሕፃናት ኮሚሽን ተቋቋመ፣ መዋዕለ ሕፃናትም በቀበሌና በገበሬ ማኅበር ሥር ተከፈቱ። ባለቤቱ ቀበሌ የሆነ ቤት ግን ዕድሜው ከቀበሌው ጉልበት አይበልጥም፤ በ1983 ሥርዓቱ ሲወድቅ ደጋፊው አብሮ ወደቀ። በዓመቱ ኦሮምኛ በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል፣ እንዲጻፍ ሲወሰን የአርሲ ልጅ በገዛ ቋንቋው ፊደል የመቁጠር ዕድል አገኘ። ይኼ ትልቅ ነገር ነው። ያን ጊዜ ግን ለጭን የሚበቃው አሮጌ ገበታ አብሮ አረጀ፤ የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ደግሞ የመዋዕለ ሕፃናቱን ሥራ በአብዛኛው ለግልና ለበጎ አድራጊዎች ስለተወው መንግሥት ተተኪውን የማዘጋጀት ግዴታ አልነበረበትም።

በ2002 ዓ.ም. የወጣው የቅድመ ልጅነት ማዕቀፍ መንግሥትን ወደ መድረኩ መለሰው። ገጠር የደረሰው ፍሬው ኦ ክፍል ነው፤ ስድስት ዓመት የሆናቸው ልጆች ከአንደኛ ደረጃው ትምህርት ቤት አንድ ክፍል ይሰጣቸዋል። ክፍሉ የሚሰጠው ደግሞ መቀመጫና ጠረጴዛው ከተያያዘው ኮምባይንድ ዴስኩ ጋር ነው።

ድህነት ነው፣ ምን ይደረግ የሚለው መልስ ቀላል ይመስላል። ግን ያው ደጋ ልጁ ከጭቃ በሬ፣ ከጨርቅ ኳስ የሚሠራበት አገር ነው፤ በርጩማ የማይጠርብ አናጢ፣ ባሕር ዛፍ የሌለው ግቢ በአርሲ ደጋ ብርቅ ነው። የጎደለው እነዚህን ዕቃዎች ሥራዬ ብሎ የሚያዝ፣ በበጀት መዝገብ ላይ አንድ መስመር የሚሰጣቸው ሰው ነው። የ2015ቱ ፖሊሲ ቅድመ አንደኛን የሁለት ዓመት እርከን አድርጎ አስገብቶታል። ዴስኩ ግን የተሠራው ለትልልቆቹ ነው፤ የስድስት ዓመቱ ልጅ ተቀምጦበት እግሩ መሬት አይነካም።