መሄዳቸውን የረሱ መንገደኞች

ስሙኝማ! ሂዩ ሆይላንድ የሚባል አንድ ጎረምሳ ነበረላችሁ። ለሂዩ ዓለም ማለት ብረት ናት፤ ወለሏ ብረት፣ ጣሪያዋ ብረት፣ ከጣሪያው በላይ ደግሞ ሌላ ወለል። ሰማይ አይቶ አያውቅም። ከዚህ ውጭ ምን አለ ብሎ የሚጠይቅም አልነበረም፤ ለመሆኑ ውጭ ምንድን ነው?

ነገሩ እንዲህ ነው። ቫንጋርድ የተባለችው መርከብ ሌላ ፀሐይ ጋ የሚሰፍሩ ሰዎችን ጭና ከምድር ተነሣች። የተሳፈሩት አይደርሱም፤ የሚደርሱት የልጅ ልጆቻቸው ናቸው። መንገድ ላይ አመፅ ተነሥቶ መንዳት የሚያውቁት አለቁ። መርከቧ ያለ ነጂ ትከንፋለች፤ የተረፉት ይወልዳሉ፣ ይሞታሉ፣ ጉዞ ላይ መሆናቸውንም ይረሳሉ። ይህን ያወጋን አሜሪካዊው ሮበርት ሃይንላይን ነው፤ በ1941 እ.ኤ.አ. በሁለት ክፍል በመጽሔት አወጣው፣ በ1963 «የሰማይ ወላጅ አልባዎች» ተብሎ አንድ መጽሐፍ ሆነ።

እኔን የሚያስቁኝ የመርከቧ ሊቃውንት ናቸው። ሳይንቲስት ይባላሉ እንጂ ሥራቸው የካህን ነው። ከአባቶቻቸው የተረፈ የፊዚክስ መጽሐፍ አላቸው። የስበት ሕግ ሁለት አካላት ይሳሳባሉ፣ ሲራራቁ ስበቱ ይደክማል ይላል አይደል? ታዲያ ምን ብለው ቢፈቱት ጥሩ ነው? ስለ ፍቅር ነው! ወንድና ሴት ሲቀራረቡ ይፈላለጋሉ፣ ሲለያዩ ይረሳሳሉ። እኛ ቅኔ ስንፈታ ሰሙን ገፈን ወርቁን እንፈልጋለን፤ እነሱ ወርቁን ሰም ነው ብለው ገፈው ጣሉት።

ሂዩ አንድ ቀን ወደ ላይኛው ፎቅ ወጣ። ላይ ማለት የመርከቧ መሐል ነው፤ መርከቧ ስለምትሽከረከር ወደ መሐሏ በተጠጉ ቁጥር ክብደት ይቀንሳል። እዚያ ቦቦ የሚባል ድንክ በወንጭፍ መትቶ ጣለው፤ ለጌታውም አስረከበው። ጌታው ጆ-ጂም ነው፤ አንድ ገላ፣ ሁለት ራስ፣ የማያልቅ ጭቅጭቅ። ግን አንባቢ ነው። ሂዩን ወደ መንጃው ክፍል ይዞት ገባና ከዋክብቱን አሳየው።

ልጁ ያየውን ሊናገር ወደ ታች ቢወርድ፣ ሞት ተፈረደበት፤ ጆ-ጂምና ሰዎቹ ደርሰው አተረፉት። ከሁሉ የገረመኝ ግን ናርቢ የሚባለው ብልጥ ሰውዬ ነው። እሱም ወጥቶ በዓይኑ አየ፤ በእነሂዩ ጉልበት ካፒቴን ሆነ፤ ከዚያ «ያየሁት ማታለያ ነው» ብሎ ካደ፣ ያነገሡትንም ሊያጠፋ ተነሣ!

ለሴቶቹ በሰጣቸው ቦታ ግን ሃይንላይንን አልምረውም፤ ከዕቃ አይሻሉም።

መጨረሻ ላይ ሂዩና ሁለት ጓደኞቹ ሚስቶቻቸውን ይዘው በትንሽ ጀልባ አመለጡ፤ የአንድ ግዙፍ ፕላኔት ጨረቃ ላይም አረፉ። ዕድል በዕድል ላይ ተደርቦላቸው ነው፤ ደራሲውም አይደብቅም። እኔ ግን ልቤ የቀረው መርከቧ ውስጥ ናርቢ ዘንድ ነው። ያንን ሁሉ ኮከብ አይቶ፣ ማታ ማታ እንዴት ይተኛ ነበር? መጽሐፉ ወደ እሱ ሳይመለስ አለቀብኝ።