የፎቶ ቤት ሥራና የአቋራጭ ቁልፎች ታሪክ

በኢትዮጵያ ፎቶ ቤቶች ምስል የሚስተካከለው በሁለት እጅ ነው። ቀኝ እጅ ማውሱን ይዞ ፊት ያጠራል፣ ባክግራውንድ ይቆርጣል፤ ግራ እጅ ደግሞ ኪቦርዱ ላይ ሆኖ ትእዛዝ ይሰጣል። ኮንትሮልና ዜድ ሲነኩ የተሠራው ይመለሳል፤ ኮንትሮልና ቲ ሲነኩ ምስሉ መጠኑ እንዲለወጥ ይዘጋጃል፤ ቢ ብቻዋን ብሩሹን፣ ቪ ብቻዋን ማንቀሳቀሻውን ታመጣለች። ባለሙያዎቹ ሾርትከት የሚሏቸው እነዚህ የአቋራጭ ቁልፎች አንዴ ከተለመዱ ዓይን አያስፈልጋቸውም፤ ጣት ራሱ ያገኛቸዋል። ሶፍትዌሩ ሲታደስና ቁልፎቹ ሲለዋወጡ ችግሩ የሚብሰውም በዚሁ ምክንያት ነው። አዲሱን መማር ብቻ አይበቃም፣ እጅ የያዘውን ማስረሳት ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ ይህ ድካም ፎቶሾፕ ከመምጣቱ በፊት የጀመረ ነው።

ለምሳሌ የሸዋው ይፋት ከምስል ሙያ ጋር የተዋወቀው ካሜራ ሳይገባ ነው። የይፋቷ አሊዩ አምባ ከአንኮበር አፋፍ ሥር፣ ከቆላው ወደ ደጋው በሚያወጣው መንገድ ላይ የተቆረቆረች የነጋዴ ከተማ ነበረች። ከታጁራ ወደብ ተነሥቶ የአዋሽን በረሃ ያቋረጠ ሲራራ ነጋዴ ወደ ሸዋ የሚዘልቀው በእሷ በኩል ነበር። በ1833 ዓ.ም. ክረምት፣ በካፒቴን ዊሊያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የሚመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲወጣ ዮሐን ማርቲን በርናትዝ የሚባል ጀርመናዊ ሠዓሊ አብሮት ነበር። በርናትዝ በመንገዱና በሸዋ ቆይታው ያየውን መልክዓ ምድርና ሕዝብ በእጁ ነደፈ፤ ሥዕሎቹም እ.ኤ.አ. በ1852 በድንጋይ ማተሚያ ታትመው ወጡ። በዚያ ዘመን ምስል ማስተካከል ማለት ንድፉን ከወረቀት ወደ ድንጋይ ሲያሸጋግሩ እንደገና መሣል ማለት ነበር። ከድንጋዩ ላይ የተሳሳተ መስመር ማንሣት አድካሚ ስለሆነ ሠሪው እጁን ከማሳረፉ በፊት ብዙ ያስብ ነበር።

ካሜራ በስፋት የታየው በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ከዘመተው ከእንግሊዙ አዛዥ ከናፒየር ጦር ጋር በመጡት ፎቶግራፍ አንሺዎች እጅ ነው። በአገር ውስጥ ሙያ ሆኖ ሥር የሰደደው ግን በአዲስ አበባ ሲሆን፣ የዳግማዊ ምኒልክ ፎቶግራፍ አንሺ የነበረው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንና ከእሱ በኋላ ሥራውን የያዙት ልጆቹ በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ስፍራ አላቸው። በዘመኑ በነበሩ ስቱዲዮዎች ፊት የሚስተካከለው በእርሳስ ነበር። ጫፉ እንደ መርፌ የሾለ እርሳስ በኔጋቲቩ ላይ በቀስታ ይነካካል። ኔጋቲቭ ብርሃንና ጥላን ገልብጦ ስለሚይዝ እርሳሱ ያጠቆረው ነጥብ በወረቀቱ ላይ ነጥቶ ይወጣል፤ የፊት መስመርና የዓይን ሥር ጥላ የሚለዝበው እንዲህ ነው። ከዚያ ጥቁርና ነጩን ፎቶ በቀለም የሚያስውቡ ሰዎች ይረከቡታል። እርሳሱ አንዴ ካለፈ በኋላ መመለሻ የለውም ማለት ይቻላል። ሙያው ከጌታ ወደ ደቀ መዝሙር በዓይንና በእጅ ይተላለፍ ነበር፤ መሣሪያውም ቶሎ ስለማይለወጥ አንድ ባለሙያ የለመደውን ይዞ ዕድሜውን መጨረስ ይችላል። ትንሹ የሠላሳ አምስት ሚሊ ሜትር ፊልም ሲስፋፋ ግን ኔጋቲቩ ለእርሳስ የማይመች ሆነና ብዙ እጆች ሥራ ፈቱ። ምናልባት በዚህ ሙያ ውስጥ የመጀመሪያው ትልቅ የልምድ ስብራት ይህ ነው።

በቁልፍ የሚሠራ እጅ ወደ አገሪቱ የመጣው ከሌላ በር ነው፤ ከጽሕፈት መሣሪያ። ከኢጣልያ ወረራ በፊት በነበሩት ዓመታት ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ ፊደል የሚጽፍ መሣሪያ ሠሩ። ችግሩ ግልጽ ነበር፦ ለላቲን ፊደል በተሠራ መሣሪያ ላይ ከሁለት መቶ በላይ ፊደላትን አንድ በአንድ ማስቀመጥ አይቻልም። መፍትሔውም ፊደሉን በአካልና በቅጥያ መክፈል ሆነ። ታይፒስቷ መጀመሪያ አካሉን ትመታለች፣ ከዚያ የካዕቡን ወይም የሣልሱን ምልክት ትጨምርበታለች። በዚህ መንገድ የተጻፉ ደብዳቤዎች ቅጥያቸው ከአካሉ ትንሽ ራቅ ብሎ ስለሚታይ ዛሬም በመዝገብ ቤቶች ወዲያው ይለያሉ። ኋላ ላይ ኦሊቬቲን የመሳሰሉ ፋብሪካዎች የአማርኛ መሣሪያ አቅርበዋል። የአማርኛ ታይፒስት ሁለትና ሦስት ምት አጣምሮ አንድ ፊደል ማውጣት የለመደችው እንግዲህ ኮምፒዩተር ከመምጣቱ ብዙ አስቀድሞ ነው።

በ1970ዎቹ መጨረሻ ዓ.ም. ገደማ በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን፣ ከእነሱም ፍሥሐ አጥላውና ዶክተር አበራ ሞላ፣ የግዕዝን ፊደል ወደ ኮምፒዩተር አስገቡ። ቀጥሎ የመጣው ዘመን ለእጅ የተመቸ አልነበረም። ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝና ሌሎችም ሶፍትዌሮች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ፎንት፣ የየራሳቸው ኮድና የየራሳቸው የቁልፍ አቀማመጥ ነበራቸው። በአንዱ የተጻፈ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ የምልክት ክምር ይሆናል። በአንዱ የሠለጠነ ጸሐፊ ቢሮ ሲቀይር ጣቱን እንደገና ማስተማር ነበረበት። ዩኒኮድ በሦስተኛው እትሙ፣ እ.ኤ.አ. በ1999፣ ለኢትዮጵያ ፊደል 345 ቦታዎችን ሲመድብ የኮዱ ውዝግብ መፍትሔ አገኘ፤ የቁልፉ ግን አላገኘም። ዩኒኮድ ፊደሉ በማኅደር ውስጥ በምን ቁጥር እንደሚቀመጥ ይወስናል እንጂ የትኛው ጣት የቱን ይምታ አይልም። ዊንዶውስ ቪስታ እ.ኤ.አ. በ2007 ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ ሲመጣ፣ ኪማን የመሳሰሉ ማስገቢያዎችም ፊደሉን በድምፁ አቻ በሆነው የላቲን ቁልፍ መጻፍን ሲያስለምዱ፣ የቀድሞው ታይፒስትና አዲሱ ወጣት በአንድ ቢሮ ተቀምጠው በሁለት ኪቦርድ የሚጽፉበት ጊዜ መጣ።

የምስል ባለሙያው በዚህ መሃል ገባ። ጉርድ ፎቶ ብቻ ሳይሆን የሠርግ ካርድ፣ የሙት ዓመት መታሰቢያ፣ የሱቅ ባነር ይሠራልና ከምስሉ ላይ አማርኛ መጻፍ ግድ ነው። ከጽሑፍ ጋር የተጋባ ምስል የሚሠራ ሰው ሁለት የቁልፍ ሥርዓት በአንድ ኪቦርድ ላይ ይሸከማል፦ አንዱ ፊደል ያስገባል፣ ሌላው ፎቶሾፕን ያዛል።

የትእዛዙ ሥርዓት ከውጭ የመጣ ነው። ዜድ፣ ኤክስ፣ ሲ እና ቪ የተባሉት አራት ጎረቤት ቁልፎች ለመመለስ፣ ለመቁረጥ፣ ለመቅዳትና ለመለጠፍ የተመደቡት አፕል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1983 ባወጣው ሊሳ በተባለው ኮምፒዩተር ላይ ሲሆን፣ ላሪ ቴስለር የዚህ ሥራ ዋነኛ ሰው ነበር። ወንድማማቾቹ ቶማስና ጆን ኖል የሠሩት ፎቶሾፕ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1990 ሲወጣ ይህንኑ ወረሰ። ግን አንድ ገደብ ነበረው። ኮንትሮል ዜድ የሚመልሰው አንድ እርምጃ ብቻ ነበር፤ ሁለተኛ ጊዜ ሲነካ የተመለሰውን መልሶ ያመጣዋል። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው አምስተኛው እትም የሥራውን ታሪክ በተራ የሚይዝ ሰሌዳ ጨመረ፤ ወደ ኋላ ደጋግሞ ለመሄድ ግን ኮንትሮል፣ አልትና ዜድ አንድ ላይ መነካት ነበረባቸው፤ ዋናው ቁልፍ ቀድሞ ተይዟልና። ባለሙያዎች ይህን አለመመቸት ወደ ጥበብ ቀየሩት። ኮንትሮል ዜድን ደጋግሞ በመንካት የተስተካከለውንና ያልተስተካከለውን ፊት እያፈራረቁ ያዩ ነበር። የቆዳ ማጥራት ሥራ ከልኩ አለማለፉ የሚታወቀው በዚህ ነበር።

ለውጡ የመጣው በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ነው። ፎቶሾፕ ሲሲ 2019 ሲወጣ ኮንትሮል ዜድ እንደ ሌሎች ፕሮግራሞች ሁሉ እርምጃ በእርምጃ ወደ ኋላ የሚመለስ ሆነ፤ የማፈራረቁ ሥራ ወደ ኮንትሮል፣ አልትና ዜድ ተዛወረ። ሁለቱ ትእዛዞች በቀጥታ ቦታ ተለዋወጡ ማለት ነው። ፊቱን በፊትና በኋላ ለማነጻጸር ሁለት ጊዜ የነካ እጅ ሳያውቀው ሁለት እርምጃ ሥራ ያፈርሳል። ይህ ግን ወዲያው ስለሚታይ ቶሎ ይታረማል።

የከፋው ሁለተኛው ለውጥ ነበር። ከዚያ በፊት የምስልን መጠን ሲለውጡ ቁመቱና ስፋቱ እንዳይዛባ ሺፍትን መያዝ ያስፈልግ ነበር። የፎቶ ቤት ጀማሪ ከሁሉ በፊት ይማረው የነበረው ሕግ ይህ ነው፦ ፊት ስታሳንስ ሺፍትን አትልቀቅ። በአዲሱ እትም ምስሉ ያለ ሺፍት በራሱ ተመጣጥኖ ያድጋል፣ ይቀንሳል፤ ሺፍት ሲያዝ ደግሞ በተቃራኒው ይዛባል። ጥንቃቄ የነበረው ልማድ ጥፋት ሆነ። ሦስት በአራት ለሆነ ጉርድ ፎቶ ፊት ወደ ክፈፉ ሲገባ ሺፍት የያዘ እጅ ጉንጭ ያሰፋል ወይም አገጭ ያረዝማል፤ መዛባቱ ጥቂት ከሆነ ደግሞ ሠሪው ሳያስተውለው ይታተማል። ጉርድ ፎቶ ለመታወቂያ፣ ለፓስፖርት፣ ለትምህርት ማስረጃ የሚለጠፍ የሰው መልክ ነው። ስለዚህ ይህን ለውጥ የአመል ጉዳይ ብቻ አድርጎ ማየት ልክ አይሆንም፤ የሥራውን እውነተኛነት ይነካል።

በሌላ በኩል ያው ለውጥ አማርኛ ለሚጽፉ ባለሙያዎች ብዙም ያልተወራለት ጥቅም አመጣ። በዊንዶውስ የቋንቋ መቀያየሪያው ብዙ ጊዜ አልትና ሺፍት ነው። በቀድሞው ፎቶሾፕ ምስልን ከመሃሉ ተነሥቶ ሳይዛባ ለማሳደግም የሚያዙት እነዚሁ አልትና ሺፍት ነበሩ። በኮምፒዩተሩ ላይ አማርኛና እንግሊዝኛ ጎን ለጎን የተጫኑለት ሠሪ ምስሉን አሳድጎ ጣቱን ሲያነሣ ኪቦርዱ ሳይታዘዝ ወደ አማርኛ ሊዞር ይችላል። ከዚያ ቢን ቢነካ ብሩሹ አይመጣም፣ ቪን ቢነካ ማንቀሳቀሻው አይሰማም፤ ፕሮግራሙ የደረቀ ይመስላል፤ አንዳንዱም ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ ያበራል። በአዲሱ ሥርዓት ለዚህ ሥራ አልት ብቻውን ይበቃል። እንግሊዝኛ ብቻ የሚጽፍ ሰው የማያውቀው ግጭት በመሆኑ ስለ ለውጡ በውጭ አገር በተጻፉ መመሪያዎች ውስጥ እምብዛም አይነሣም፤ በኢትዮጵያ ግን ከለውጡ ሁሉ ይበልጥ ለእጅ እረፍት የሰጠው ይህ ሳይሆን አይቀርም።

የፎቶሾፕ ሠሪዎች ውሳኔ በመሠረቱ ትክክል ነበር። በጽሑፍ ማቀናበሪያውም ሆነ በሌላው ፕሮግራም አንድ ቁልፍ አንድ ሥራ ሲሠራ ለጀማሪ ይቀላል። ጉድለቱ ለነባሩ የተሰጠው ማስጠንቀቂያ ማነስ ነው። ነጻ የሆነው የጂምፕ ሶፍትዌርም እ.ኤ.አ. በ2012 በ2.8 እትሙ ተመሳሳይ ነገር አድርጓል፦ ኮንትሮል ኤስ በራሱ ዓይነት ፋይል ብቻ እንዲያስቀምጥ ሆነና ጄፔግ ለማውጣት ሌላ ትእዛዝ፣ ኤክስፖርት፣ ተለየለት። ያን ጊዜም ለማተሚያ ቤት ፋይል የሚያቀብሉ ሰዎች ሥራ ለጥቂት ጊዜ ሳይስተጓጎል አይቀርም።

በኢትዮጵያ የእድሳት ነገር በሌላው ዓለም እንደሚሆነው በየወሩ ቀስ እያለ አይመጣም። ፎቶሾፕ እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ በየወሩ በሚከፈል ደንበኝነት የሚሠራ ሆኗል፤ ክፍያው በውጭ ምንዛሪ መሆኑና የኢንተርኔቱ ሁኔታ ብዙ ፎቶ ቤቶችን እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው ሲኤስ 6 ወይም ከዚያ በፊት ከነበሩት እትሞች ጋር አቆይቷቸዋል። አዲሱ እትም የሚገባው አሮጌው ኮምፒዩተር ተበላሽቶ ፎርማት ሲደረግ ወይም አዲስ ላፕቶፕ ሲገዛ ነው። የብዙ ዓመት ለውጥ በአንድ ቀን ይደርሳል። በአንድ ቤት ውስጥ በአንዱ ኮምፒዩተር አሮጌው፣ በሌላው አዲሱ ተጭኖ የሚሠራበት ጊዜም አለ፤ ያኔ እጅ ወንበር በቀየረ ቁጥር ይሳሳታል። በሸዋ ሮቢትም ሆነ በደብረ ብርሃን፣ ደንበኛው ከገጠር ለገበያ መጥቶ መኪናው ሳያመልጠው ጉርድ ፎቶውን ይዞ መመለስ በሚፈልግበት ቀን፣ ሠሪው ቁልፍ እስኪፈልግ የሚቆም ወረፋ የለም።

መፍትሔዎቹ በራሱ በሶፍትዌሩ ውስጥ አሉ። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ኤዲት በሚለው ዝርዝር ሥር ኪቦርድ ሾርትከትስ የሚል መስኮት አለ፤ በእሱ እያንዳንዱን ትእዛዝ በተፈለገው ቁልፍ ላይ ማሳረፍ ይቻላል። ከለውጡ ወዲህ በዚሁ መስኮት የድሮውን የመመለሻ ሥርዓት የሚያመጣ ምልክት ተቀምጧል። የመጠን ለውጡንም ወደ ቀድሞው የሚመልስ ምርጫ በኋለኞቹ እትሞች በፕሪፈረንስ ውስጥ ተጨምሯል። ጂምፕም ቁልፎቹን እንደ ፈቃድ ለመለወጥ ይፈቅዳል። የፎቶሾፕ ቁልፎች ምርጫ በአንድ ትንሽ ፋይል ስለሚቀመጥ ከአንዱ ኮምፒዩተር ወደ ሌላው በፍላሽ ይሄዳል። ሁለት እትም ጎን ለጎን የሚሠራበት ቤት አንዱን መርጦ ሁሉንም ኮምፒዩተሮች ወደዚያ ማስማማት አለበት፤ ወደ አሮጌው ከመመለስ ግን ወደ አዲሱ መሄድ ይሻላል፣ አዲስ ተቀጣሪ የሚመጣው አዲሱን ለምዶ ነውና። በሽግግሩ ሳምንታት የተዛባ ፊት እንዳይወጣ የሚታተመውን ጉርድ ፎቶ ከመጀመሪያው ምስል ጋር አስተያይቶ ማየት ይበጃል።

በቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችም ሆነ በግል ማሠልጠኛዎች ምስል ማቀናበር የሚያስተምሩ መምህራን ቁልፎቹን ሲያስጠኑ የየትኛው እትም መሆናቸውን ይንገሩ፤ የቋንቋ መቀያየሪያውንም ከአልትና ሺፍት ወደ ሌላ ቁልፍ ማዛወር ያሳዩ። ፎቶ ቤት ያለውም ሰው ኮምፒዩተሩን ፎርማት ከማስደረጉ በፊት የደንበኞቹን ፎቶ እንደሚያወጣ ሁሉ የቁልፎቹን ፋይል አብሮ ያውጣ።