ጮክ ብዬ እያወራሁ ነው እኮ

«ጋሼ፣ አይሰማም። ኔትወርኩ ነው መሰለኝ፣ ትንሽ ጮክ ይበሉ እስቲ።»

ደሴ ለሚኖሩት አጎቴ በስልክ ይህን እያልኩ ሁለት ዓመት ገደማ አለፈ። የእሳቸውም መልስ ሁሌ አንድ ነበር፦ «እየጮህኩልህ ነው እኮ!» ሶፍትዌር ሠሪ ነኝና ችግሩን ከመስመሩ፣ ከቀፎው፣ ከማይክሮፎኑ ፈለግሁት። አዲስ ቀፎ ሁሉ ገዝቼ ላክሁ። ሐኪም «ፓርኪንሰን ነው» ካላቸው በኋላ እንኳ ቤተሰቡ በሙሉ የሚያየው እጃቸውን ነበር። ድምፃቸውን ከበሽታው ጋር ያገናኘ ሰው አልነበረም።

ስሕተቱ የእኛ ቤት ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ ታሪኩን ሳነብ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የለንደኑ ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን በ1817 ስለ «መንቀጥቀጥ ሽባነት» አንድ አጭር ጽሑፍ አሳተመ። የጻፈው ስለ ስድስት ሰዎች ነው። ከእነሱም አንዳንዶቹን ያገኛቸው መንገድ ላይ ነው፤ አንዱን እንዲያውም ከሩቅ ብቻ ነው ያየው። ንግግርን ጨርሶ አልዘለለውም፤ በሽታው ሲጠና የሰውየው ቃል ለመረዳት እንደሚያስቸግር ጽፏል። ግን ከሩቅ የሚታየው እጅና አካሄድ ነው፤ የደከመ ድምፅ ከሩቅ አይሰማም። የበሽታው የመጀመሪያ ስም ራሱ መንቀጥቀጥ ሆኖ ቀረ።

በ1960ዎቹ መጨረሻ ሌቮዶፓ የተባለው መድኃኒት መጣና ደርቆ የተቀመጠውን ሰው አስነስቶ አስኬደ። በድምፅ ላይ ግን የእጅና የእግሩን ያህል አስተማማኝ ውጤት አላሳየም። በ1978 ጄሪ ሎገማንና ባልደረቦቿ አሜሪካ ውስጥ 200 ሕሙማንን መርምረው 89 በመቶው የድምፅ ችግር እንዳለባቸው ጻፉ። ከአሥሩ ዘጠኙ ማለት ይቻላል! ያም ሆኖ የንግግር ሕክምና ለፓርኪንሰን አይጠቅምም የሚለው አመለካከት ሰፊ ነበር። ሕመምተኛው ባለሙያዋ ፊት ደህና ይናገራል፣ ቤቱ ሲገባ ወደ ሹክሹክታው ይመለሳል።

እዚህ ጋ ነው ሊ ሲልቨርማን የምትመጣው። አሪዞና የምትኖር የፓርኪንሰን ሕመምተኛ ነበረች። የቤተሰቧ ምኞት አንድ ነበር፦ ስታወራ መስማትና መረዳት። በ1987 ሎሬይን ራሚግና ካሮሊን ሚድ የተባሉ ባለሙያዎች ያዘጋጁት ሕክምና በስሟ ተጠራ። ሕክምናው ሲያዩት እንዴት ቀላል ነው! ስለ ምላስ፣ ስለ ከንፈር፣ ስለ ፍጥነት ብዙ መመሪያ የለውም። ትእዛዙ አንድ ነው፦ ጮክ። በሳምንት አራት ቀን፣ በቀን አንድ ሰዓት፣ ለአራት ሳምንት፤ በድምሩ 16 ጊዜ።

ለምን ጮክ ብቻ? ምክንያቱም የተበላሸው የውስጥ ሚዛኑ ነው። ግማሽ ኪሎ ጭነህበት አንድ ኪሎ የሚያነብ ሚዛን አስቡ። ሰውየው በሹክሹክታ እያወራ ለራሱ ልክ ይመስለዋል፤ በልኩ ሲናገር ደግሞ የጮኸ ይመስለዋል። ስለዚህ «ድምፅህን ጨምር» ብሎ መለመን ብቻውን ፋይዳ የለውም፣ እሱ ጨምሯላ! ሥራው ያ ጩኸት የሚመስለው ድምፅ ትክክለኛው እንደሆነ ሰውነቱ እስኪለምደው መደጋገም ነው። በ2001 የታተመ ጥናት የድምፁ መሻሻል ከሁለት ዓመት በኋላም እንዳልጠፋ አሳየ።

ማሐመድ አሊ በ1996 አትላንታ ላይ የኦሊምፒኩን ችቦ ሲለኩስ የዓለም ዓይን ያረፈው በሚንቀጠቀጠው እጁ ላይ ነበር። በአፉ የታወቀ ሰው ነበር እኮ፤ ተጋጣሚውን ገና ሳይመታው በንግግር የሚጥል። እዚያው አሪዞና የሚገኙ ተመራማሪዎች በ2017 የድሮ ቃለ መጠይቆቹን ሰብስበው ንግግሩን ለኩ። በ1968 በሰከንድ 4.1 ክፍለ ቃል ይናገር ነበር። በ1981 ወደ 3.0 ወርዷል። (ክፍለ ቃል ለእኛ በግርድፉ አንድ ፊደል ነው። ከአራት ፊደል አንዱን ተነጠቀ እንበል።) ፓርኪንሰን እንዳለበት የተነገረው በ1984 ነው። መለኪያው ቡጢውንና በሽታውን አይለይም፤ ግን ቅጂዎቹ እነዚያን ዓመታት ሁሉ በየጣቢያው መደርደሪያ ላይ ተቀምጠው ነበር።

ባለፈው ፋሲካ ደሴ ሄጄ የድምፅ መጠን የሚለካ መተግበሪያ ስልካቸው ላይ ጫንኩላቸው። ሕክምና አይደለም፣ አውቃለሁ። መርፌው አረንጓዴው ላይ እስኪደርስ የልጆቻቸውን ስም እንዲጠሩ ነገርኳቸው። ሦስተኛው ስም ላይ ደረሰ። ስልኩን ወዲያው ገለበጡትና በሩን አዩ።

«ተው እንጂ፣ ጎረቤት ምን ይላል?»

እኔ አጠገባቸው ነበርኩ። ሳሎን ተቀምጦ ቡና የሚጠጣ ሰው ድምፅ ነው የሰማሁት።